ጠፋ ወይስ ጠፋብን?

ልደታ፣ አዲስ አበባ፤ ለአዳሪ ትምህርት ቤት ሠራተኞች የቀረበ ዲስኩር



ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የመኝታ ቤት ኃላፊ ሆኜ በምሠራበት ዘመን፣ በማታው ስም ጥሪ አንድ ስም ጠራሁ። መልስ የለም። ደግሜ ጠራሁ። ከጎኑ የሚተኛው ልጅ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። አልጋው ተነጥፏል፣ ብርድ ልብሱ ታጥፏል፣ ከአልጋው ሥር የምትቀመጠው የላስቲክ ጫማ የለችም። ልጁ 12 ዓመቱ ነበር።

ሮጬ ለአለቃዬ ነገርኩ። የሰማሁት መልስ ይህ ነው፦ «እስከ ጠዋት እንጠብቅ፤ ይመጣል። አሁን ለፖሊስ ብንደውል የትምህርት ቤቱ ስም ይጠፋል።» እኔም እሺ ብዬ ተመለስኩ። ልጅ በጠፋበት ሌሊት ያስጨነቀን የስም መጥፋት ነበር ማለት ነው።

ልጁ ያን ሌሊት ያደረው አውቶቡስ ተራ፣ ከቆመ አውቶቡስ ሥር ነው። ጎህ ሲቀድ ያየው አንድ የአውቶቡስ ረዳት ነበር። ረዳቱ ሻይና ዳቦ ገዝቶለት፣ ስሙን ጠይቆ፣ የደንብ ልብሱን አይቶ፣ በእጁ ይዞ በራችን ድረስ አመጣው። የእኛ ሥራ የነበረውን ደመወዛችንን የማይካፈል ሰው ሠራልን። እኛ ደግሞ በበኩላችን ምን አደረግን? ሰኞ ጠዋት በባንዲራ ሰዓት ልጁን በተማሪው ሁሉ ፊት አንበረከክነው። ለምን እንደሄደ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው እንደገና ሄደ። በዚህኛው ጊዜ መንገዱን ያውቀዋል፤ አያቱ አገር ደረሰና እዚያው ቀረ። ትምህርቱም እዚያው ላይ አበቃ።

ዛሬ የመጣሁት ስለዚያ ሌሊትና ስለዚያ ሰኞ ጠዋት ልነግራችሁ ነው። በሁለቱ መካከል የሠራነውን ስሕተት እናንተ እንዳትደግሙት እፈልጋለሁ።

ከቃሉ ልጀምር፤ ቃሉ ሥራውን ይመራልና። እስረኛ አመለጠ ይባላል። ወታደር ኮበለለ ይባላል። ልጅ ግን ጠፋ ነው የሚባለው። እኔ ባየኋቸው የዲሲፕሊን መዝገቦች ላይ ታዲያ ተማሪው «ኮበለለ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከግቢ የወጣ የ12 ዓመት ልጅ ከጦር ሜዳ እንደ ሸሸ ወታደር ማለት ነው። ኮበለለ ብሎ የጻፈ ሰው ቀጥሎ የሚያስበው ቅጣት ነው። ጠፋ ብሎ የጻፈ ሰው ቀጥሎ የሚያስበው ፍለጋ ነው። በሬ የጠፋበት ገበሬ «በሬዬ ኮበለለ» ብሎ ቁጭ አይልም። «በሬ ጠፋብኝ» ይልና ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ ጎረቤቱም ተከትሎት ይወጣል።

ይቺን «ጠፋብኝ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ጠፋ ስንል የምንናገረው ስለ ልጁ ብቻ ነው። ጠፋብን ስንል ግን ራሳችንን ነገሩ ውስጥ እናስገባለን። ልዩነቱ ሁለት ፊደል ነው። ትምህርት ቤት በመዝገቡ ላይ እነዚያን ሁለት ፊደላት ለመጻፍ ከደፈረ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል ብዬ አምናለሁ። ደግሞም «አዳሪ» የሚለው ስም ራሱ ውል ነው። ወላጅ ቀኑን ብቻ አይደለም ያስረከበን፤ ሌሊቱንም ነው።

የአገራችን የትምህርት ታሪክ ከመጥፋት ጋር የቆየ ዝምድና አለው። የቆሎ ተማሪው ከብት ጥበቃውን ትቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከወላጆቹ ተሰውሮ ወደ የኔታ ይሄድ ነበር። መንግሥቱ ለማ በ1959 ዓ.ም. ያሳተመውን የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ያነበበ ሰው ያን የእግር መንገድና የተማሪ ሕይወት ያውቀዋል። ወደ ትምህርት የጠፋ ልጅ በአገራችን ተረት ሆኖ ይወደሳል። ከትምህርት የጠፋው ግን በየኔታ ቤት ተይዞ ሲመለስ እግሩ በብረት ይታሰር እንደነበር የቀደሙት ነግረውናል። ከዚያም በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1935 ዓ.ም. የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተከተለ፤ ቆየት ብሎም ጄኔራል ዊንጌት። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር ጀመሩ። እግር ብረቱ ቀረ። ከእግር ብረቱ ጋር አብሮ የነበረው ሐሳብ ግን፣ ማለትም የሸሸ ልጅ ጥፋተኛ ነው የሚለው፣ ከኛ ጋር ነው ያለው።

ልጅ ለምን ይጠፋል? ምክንያቱ ሁልጊዜ ትልቅ በደል አይሆንም። መስከረም ላይ የገባ ልጅ መስቀል ሲደርስ ልቡ አይያዝም፤ በተለይ ቤተሰቡ ከያለበት ለመስቀል የሚሰበሰብበት አገር ልጅ ከሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና የበዓል ዋዜማዎች የመጥፊያ ቀኖች ናቸው፤ የተረኛ ሠራተኛ ቁጥር መጨመር ያለበት ያኔ ነው። እኛ ግን በበዓል ዋዜማ ተረኛውን ቀንሰን ወደ ቤታችን እንሮጣለን። ሌላው በፈተና ወድቆ አባቱን ይፈራል። ሌላው እናቴ ታማለች የሚል ወሬ ከአገሩ ልጅ ይሰማል። ሌላው ሰረቅህ ተብሏል። ሌላዋ ደግሞ ለመናገር አንደበት የማይሰጥ ነገር ደርሶባታል፤ ያደረሰባትም ቁልፍ የሚይዝ ሰው ሊሆን ይችላል።

የእኔው ልጅ ለምን ሄደ? የሰማሁት ከሄደ ከወራት በኋላ ነው፤ ያ ዓይኑን ከመሬት ያላነሣው የአልጋ ጎረቤቱ ነው የነገረኝ። ልጁ በእንቅልፍ ልቡ ይሸና ነበር። ትልልቆቹ ልጆች በየጠዋቱ ፍራሹን በራሱ አሸክመው ግቢውን ያዞሩት ነበር። ያን ፍራሽ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ በየቀኑ አየው ነበር። ፍራሽ ሲደርቅ አይቻለሁ፤ ልጁን ግን አላየሁትም። የሚያስፈልገው የላስቲክ ሸራ፣ ተለዋጭ አንሶላ፣ ሌሊት ቀስ ብሎ የሚቀሰቅሰው ሰውና ትልልቆቹን የሚያስቆም አዋቂ ነበር። ለዚህ በጀት የጎደለው ትምህርት ቤት የለም።

እንግዲህ ወደ ሌሊቱ እንመለስ። ስም ተጠርቶ መልስ ሲጠፋ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የናንተ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሁላችን ነው። ሁለት ሰው ባትሪ ይዞ ግቢውን ያስስ፦ ክሊኒኩን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱን፣ የውኃ ጉድጓድና ታንከር ያለበትን ሁሉ። ታሞ ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳት ደርሶበት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ሰው በዚያው ደቂቃ የልጁን ፋይል ያውጣ። ፋይሉ ውስጥ የዘንድሮ ፎቶግራፍ አለ? የአራተኛ ክፍል ፎቶውን ይዛችሁ የስምንተኛ ክፍል ልጅ አትፈልጉ። አስም ወይም የሚጥል በሽታ አለበት? መድኃኒቱን ይዞ ሄዷል ወይስ ሣጥኑ ውስጥ ቀርቷል? ይህቺ መልስ ፍለጋውን በሰዓታት ታፋጥነዋለች።

የአልጋ ጎረቤቱ ላይ አትጩኹ። እሱ ያውቃል፤ ወይም የሚያውቅ ልጅ ያውቃል። ግን ጓደኛውን አሳልፎ መስጠት ይከብደዋል፤ እንዲከብደው ያስተማርነውም እኛው ነን። ለብቻው ወስዳችሁ፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ፣ «ሊቀጣ አይደለም የምንፈልገው፤ ብርድ ላይ ነው፤ የት ሊሄድ እንደሚችል ንገረን» በሉት። ከዚያም ቃላችሁን ጠብቁ። አንድ ጊዜ እንዲህ ብላችሁ የተገኘውን ልጅ ካንበረከካችሁት፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚነግራችሁ ልጅ አታገኙም። የበር ጠባቂውም እንዲሁ ነው። «እንዴት አሳለፍከው» ተብሎ ወዲያው የሚደነፋበት ጥበቃ፣ ልጁ በየትኛው ሰዓት በየት እንደወጣ ቢያውቅ እንኳ ለሥራው ሲል ይደብቃል። የሱን ጉዳይ ነገ ታዩታላችሁ። ዛሬ ማታ የሚያስፈልጋችሁ ሰዓቱና አቅጣጫው ብቻ ነው።

ግማሽ ሰዓቱ ካለቀና ልጁ ካልተገኘ 991 ይደወል። «24 ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ አይቀበልም» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። አትስሙ፤ ደውሉ፤ ወደ ቅርቡ ጣቢያም ሰው ፎቶውን ይዞ በአካል ይሂድ። 24 ሰዓት ማለት ለአንድ ልጅ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ድንበር ያለበት አገር የሚደርስበት ጊዜ ነው። ለሴት ልጅ ደግሞ አውቶቡስ ተራ ላይ የቆመ ደላላ «እኅቴ፣ ሥራ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ወደማታውቀው ቤት የሚያስገባበት ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ለወላጅ መደወል አለ። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ብዙ ኃላፊ ልጁ ሲገኝ አብሬ እነግራለሁ እያለ የሚያዘገየውም ይህን ነው። ልጁ ግን ወደ ቤት እየሄደ ከሆነ መንገዱን የምታውቀው እናቱ ናት። የትኛው አክስት የት እንዳለች፣ የትኛው ሹፌር የአገሩ ሰው እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ስትደውሉ «ልጅዎ አጥፍቷል» ብላችሁ እንዳትጀምሩ እለምናችኋለሁ። እንዲህ በሉ፦ «እመቤቴ፣ ልጅዎ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከኛ ጋር የለም። እየፈለግን ነው፤ ለፖሊስም ነግረናል። ሊሄድበት ይችላል የሚሉት ቦታ ካለ ይንገሩን። በየሰዓቱ እኔ ራሴ እደውልልዎታለሁ።» ከዚያም በየሰዓቱ ደውሉ። አዲስ ነገር ባይኖርም ደውሉ።

የምንነጋገርበትን አካባቢ እንይ። ልደታ ላይ ከግቢ የወጣ ልጅ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የከተማው ባቡር ጣቢያ ላይ ነው። ከልደታ ወደ ሰሜን የሚሄደውን መስመር ከያዘ ዳርማር፣ አብነት፣ ሰባተኛ፣ ከዚያ አውቶቡስ ተራ ነው። አራት ጣቢያ። ስለዚህ ፍለጋው በእግር የልደታን መንደር በማዞር ብቻ መጀመር የለበትም፤ አንድ ሰው በቀጥታ አውቶቡስ ተራ ይሂድ። እዚያም ሲደርስ የሚጠይቀው ሊስትሮዎቹን፣ ጀብሎዎቹን፣ ተራ አስከባሪዎቹንና ረዳቶቹን ነው። በሌሊት ብቻውን የቆመን ልጅ ከፖሊስም ከመምህርም ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው። ከበዓል በፊት ቀደም ብላችሁ ሄዳችሁ ተዋወቋቸው፤ ስልካችሁን ስጧቸው። «አፋልጉኝ» ብላችሁ ፎቶውን በየቴሌግራሙ ከመበተናችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ ቆም በሉ። ቤተሰቡን ጠይቁ፣ ፖሊስን አማክሩ፤ የምትጽፉትም ከስሙ፣ ከልብሱና ከስልክ ቁጥራችሁ አይለፍ። ያ ማስታወቂያ ልጁ ከተገኘ በኋላም ለዓመታት ስሙን ተከትሎ ይኖራል።

ልጅ ዘግይቶ መፈለግ ምን እንደሚያስከትል የምታሳይ አገር ካናዳ ናት። ካናዳ የነባር ሕዝቦቿን ልጆች ከወላጆቻቸው እየነጠለች ከመቶ ዓመት በላይ በአዳሪ ትምህርት ቤቶች አኖረች። እ.ኤ.አ. በጥር 1937፣ በአዲስ ዓመት ዕለት ከሌጃክ አዳሪ ትምህርት ቤት የወጡ አራት ትንንሽ ወንዶች ልጆች በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ሞተው ተገኙ። የፍለጋ ቡድን የወጣው በማግሥቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1966 ደግሞ ቻኒ ዌንጃክ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ኬኖራ ከሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ወጥቶ የባቡር ሐዲድ ተከትሎ ወደ አባቱ ቤት ጉዞ ጀመረ። ቤቱ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቅ ነበር፤ ልጁ ርቀቱን አያውቅም። ከላዩ የነበረው ስስ ጃኬት ነበር። ሐዲዱ ዳር በብርድ ሞቶ ተገኘ። የአገሪቱ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ከጠፉ በኋላ የሞቱ ቢያንስ 33 ተማሪዎችን መዝግቧል። የኛ ትምህርት ቤቶች እንደነዚያ አይደሉም፤ ልጆቹን የምንቀበለው በወላጅ ፈቃድ ነው። ብርድና ሌሊት ግን ፈቃድ አይጠይቁም፤ የ12 ዓመት ልጅ ርቀት አለማወቁም በየትም አገር አንድ ነው።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ፤ ልጁ ተገኝቶ ወደሚመለስበት ሰዓት። እኔ ያጠፋሁት ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው።

ተመልሶ የመጣ ልጅ መጀመሪያ የሚያየው ፊት የጥበቃውን ነው። ስለዚህ ስለ መመለስ ሥልጠና የሚያስፈልገው ለጥበቃው ነው፤ ርእሰ መምህሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። «መጣህ? ጎሽ፣ ግባ፤ እራት አለ» ይበለው። ይብላ። ይታጠብ። ነርስ ትየው። ከእናቱ ጋር በስልክ ይገናኝ፣ ድምፅዋን ይስማ። ከዚያ ይተኛ። ጥያቄው ነገ ይደርሳል፤ ሲደርስም የሚጠይቀው አንድ ሰው ይሁን፣ ልጁ ራሱ የመረጠው ሰው። አምስት መምህር በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ልጁን መካከል ላይ ማቆም ምርመራ ነው፤ ከምርመራ ደግሞ ልጅ የሚማረው መዋሸት ነው።

ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ የልደታው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አለ። እዚያ በደል የደረሰበት ሕፃን ቃሉን የሚሰጥበት ለሕፃናት ምቹ የተባለ አሠራር አለ። ልጁ ችሎት ፊት አይቆምም፤ በሌላ ክፍል፣ ቀስ ብሎ ከሚጠይቀው ባለሙያ ጋር ይቀመጣል፤ ዳኛው በቴሌቪዥን መስኮት ያየዋል፣ ይሰማዋል። ፍርድ ቤት ያህል ተቋም፣ በወንጀል ጉዳይ፣ ለልጅ እንዲህ ያለ ክፍል ካዘጋጀ፣ አጥር ዘሎ ወደ እናቱ የሄደን ልጅ በባንዲራ ሰዓት በሺሕ ዓይን ፊት የምናቆመው በምን ሥልጣን ነው?

ሥልጣኑስ በእርግጥ የለንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ መሆናቸውን ይደነግጋል። የወንጀል ሕጋችን ከ9 ዓመት በታች ያለን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን፣ ወንጀል ሠርቶ እንኳ፣ ወደ ማረሚያ ተቋም ሲልከው ከአምስት ዓመት እንዳይበልጥና 18 ዓመት ሲሞላው እንዲያበቃ ይገድባል። ይህ ወንጀል ለሠራ ልጅ የተሰጠ ጥንቃቄ ነው። ናፍቆት ደግሞ በየትኛውም አንቀጽ ወንጀል ሆኖ አልተጻፈም። በምዝገባ ቀን «ከግቢ ወጥቶ ለሚደርስበት ጉዳት ትምህርት ቤቱ ተጠያቂ አይደለም» የሚል ወረቀት ወላጅን የምታስፈርሙ ካላችሁም፣ ያ ፊርማ አደራውን ከትከሻችሁ አያወርደውም።

«ካልተቀጣ ሌሎቹ ይከተሉታል» የሚል ጥያቄ ከመካከላችሁ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ እኔም ዓመታት ስለው ነበር። ሥርዓት ይቅር አልልም። ልጁ አጥር መዝለል ሊገድል እንደሚችል፣ የስንት ሰው እንቅልፍ እንደነሣ፣ እናቱ እንዴት እንዳደረች ሊነገረው ይገባል፤ የተወሰነ ፈቃዱ ለጊዜው ሊታገድም ይችላል። ይህ ግን ምክንያቱ ከታወቀና ምክንያቱን የፈጠረው ነገር መስተካከል ከጀመረ በኋላ፣ ለብቻው የሚሆን ነው። ትልልቆቹ ፍራሽ ያሸከሙትን ልጅ ቀጥታችሁ ትልልቆቹን ከተዋችሁ፣ ለግቢው ሁሉ ያስተማራችሁት ማን እንደሚፈራ ነው። ሌሎቹን የሚያስከትላቸው የልጁ አለመቀጣት አይደለም፤ እሱን ያስወጣው ነገር እነሱንም እየጠበቃቸው መሆኑን ማወቃቸው ነው።

ልጁ የደረሰበትን በደል ሲናገር፣ በተለይ ሠራተኛን ወይም ትልቅ ተማሪን ከጠቀሰ፣ በቤት ውስጥ ሽምግልና አትያዙት። ያን ማታ ወደዚያው መኝታ ቤት አትመልሱት። የተባለውን በራሱ ቃል ጽፋችሁ ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍልና ለወላጁ አሳውቁ። እዚህ ላይ ስም ይጠፋል ብሎ የሚያመነታ ሰው ካለ፣ ከዚህ ሥራ ይውጣ።

ደግሞም አዳሪነት የማይስማማው ልጅ አለ። ሁለቴ ሦስቴ ከሄደ፣ ሁሉም ተደርጎለት አሁንም ከሄደ፣ ወላጁን ጠርቶ በክብር መሸኘት፣ በአቅራቢያው ትምህርት ቤት እንዲገባ ወረቀቱን በወቅቱ መስጠት ሽንፈት አይደለም። ከማባረር የሚለየው የትምህርት ማስረጃው ሳይያዝበት፣ አንገቱን ሳይደፋ በመሄዱ ነው። የእኔው ልጅ ቢያንስ ይህን አላገኘም። የስድስተኛ ክፍል ውጤቱ መሳቢያችን ውስጥ ቀረ።

የምጠይቃችሁ ነገር ለነገ የሚያድር አይደለም። ዛሬ ማታ ወደየግቢያችሁ ስትመለሱ በጥበቃው ቤት በኩል ግቡ። 991፣ የቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ፣ የነርሷና የተረኛው ኃላፊ ስልክ ቁጥሮች ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፈው እንደሆነ እዩ። ከሌሉ ቆማችሁ ጻፉ። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ግቡና ልጆቹን ቁጠሩ፤ ስትቆጥሩም ፍራሹ እርጥብ የሆነውን ልጅ በስሙ እወቁት።